ያልደረቀው ጥግ

ጥቅምት 11፣ ከቁርስ በፊት

ሚክሰሩ ይጮኻል። ዛሬ ሶሌታው፣ የፎቁ ወለል፣ ይሞላል። ልጄ ደሳለኝ ግቢዬ ውስጥ ፎቅ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። አበባዎቼ ተረግጠዋል። ማን ይጠየቃል? ማንም።

በጉ ታርዷል። በኛ ቤት ጠላ አይገባምና ምራቴ አስቴር ለሠራተኞቹ አንድ በርሜል ብርዝ በጥብጣለች። ማሩን አልሰሰተችም።

ፎርማኑ ከድር ከሀዲያ የመጣ የፎንቆ ልጅ ነው። «ማዘር» ይለኛል። መምህርት በለኝ ብዬ አርሜዋለሁ፤ እሺ ማዘር አለኝ! ሥራው ግን ንጹሕ ነው። ከጀሪካን ኬሚካል እየለካ አርማታው ውስጥ ይጨምራል። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። ፌሮው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አርማታው መፍሰስ አለበት፤ ውሃ ቢበዛበት ይፈሳል፣ ግን ይደክማል፤ ይኼ ውሃ ሳይበዛ ያፈስሰዋል አለ። ተማሪዬ ቢሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር።

ያው ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ተሞላ። ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ነበር። ስነሣ ነገሩ አልቋል። የቧንቧ ውሃ ከሰዓት ጠፍቶ ኖሯል። ከድር የቀረውን ኬሚካል ለክቶ አስቀምጦ የውሃ ቦቴ ሊፈልግ ሄደ፤ ሲመለስ ከደረጃው በላይ የቀረውን ጥግ ተሞልቶ አገኘው። ሠራተኞቹ ውሃው ከጎረቤት መጣ አሉት። አርማታውን አየው፤ በቫይብሬተር ሳይነቀነቅ ራሱ ተኝቷል። ደረቱን ነፋ። «አዩት ማዘር? የኔ መድኃኒት ነው!» ሰው ሁሉ ሰማው።

ሲመሽ ካፊያ ጣለ። ብርዱ ስለበረታ ሠራተኞቹ ከብርዙ ይልቅ ሻይ ነበር የጠየቁት።

ጥቅምት 13

የሆነውን ልጻፍ።

ጥጉ አልደረቀም። ደሳለኝ ጠዋት ወጥቶ አውራ ጣቱን ጫነበት፤ ጣቱ ሰጠመ። ሌላው ድንጋይ ሆኗል። ከድር ገና አጎንብሶ እያየ ነበር። ደሳለኝ ቁራጭ ፌሮ አነሣ። ሌባ አለው። ሲሚንቶዬን ሸጠህ እድፋም ውሃ ጨመርክልኝ አለው። አንዱ ምት ክንዱ ላይ አረፈ፤ ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው ፊቱ ላይ። ከድር ከደረጃው ተንከባለለ። ከመንገድ የገቡ ጎረምሶች፣ ስሙን እንኳ የማያውቁ፣ በጫማ ረገጡት። ጮኽኩ። ለአርባ ዓመት ክፍል ጸጥ ያሰኘ ድምፅ ነበረኝ። ዛሬ ማንም አልሰማውም።

አሸዋው ላይ ደም አለ። ዶሮዎቹ ይጭሩታል።

ጥቅምት 14

ሆስፒታል ደርሼ መጣሁ። ክንዱ ታስሯል። ግራ ዓይኑ አይተርፍም ይላሉ። ከድር በተሰነጠቀ ከንፈሩ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በትክክል ነው የለካሁት። መጥፎ ኬሚካል ሸጠውኝ ይሆን እያለ ራሱን ይጠረጥራል።

አሁን በሥርዓት ላስብ። ሲሚንቶው አንድ። ኬሚካሉ አንድ። የለካው እጅ አንድ። የላላው ጥጉ ብቻ። ታዲያ ምን ተለየ? ውሃው።

ወደ ግቢው ወረድኩ። የብርዙ በርሜል ባዶ ነው። ሠራተኞቹ ሻይ ነው የጠጡት። ታዲያ ማን ጨረሰው? የበርሜሉ አፍ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፣ ንብ ወሮታል።

አስቴርን ኩሽና ውስጥ ያዝኳት። አለቀሰች። ሚክሰሩ እንዳይቆም ደሳለኝ ራሱ ብርዙን አስገልብጦታል። ማር አለበት እኮ ስትለው፣ ውሃ ውሃ ነው፣ አፍሽን ዝጊ ብሏታል። ሠራተኞቹንም ከጎረቤት መጣ በሉ ብሏቸዋል።

ጥቅምት 16

ሳልፈትን አልናገርም፤ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ከትናንት በስቲያ በሁለት ጣሳ ሲሚንቶና አሸዋ እኩል አደረግሁ። አንዱን በንጹሕ ውሃና በከድር ኬሚካል፣ ሌላውን ራሴ በበጠበጥኩት ብርዝ አቦካሁ። ብርዝ ያለበት እንዴት አምሮ ፈሰሰ! ማር አርማታን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ እንዳይጠነክር አንቆ ይይዘዋል። ዛሬ የከድሩን በመዶሻ መታሁት፤ መዶሻው ነጠረ። የብርዙን በማንኪያ ዛቅሁት።

ለደሳለኝ አሳየሁት። ገባው። ፊቱ ላይ አየሁት፣ ገባው። ከዚያ ጣሳውን ከግድግዳ ጋር አላተመው። እማ፣ ይህን ከዚህ ቤት ብታወጪ እናት የለኝም አለ። በጥፊ መታሁት። ጢም ያወጣ ሰው ነው። እጄን ጠመዘዘው፤ አንጓዬ አብጧል። በቀኝ እጄ መጻፍ ስለሚያመኝ ፊደሉ ተበላሽቷል፤ ይቅር በለኝ፣ ደብተር።

ጥቅምት 17፣ ከሰዓት

የከድር ታላቅ ወንድም ሁሴን ዘመዶቹን በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ዱላና ድንጋይ ይዘዋል። የሳሎኑ መስኮት ረገፈ። ደሳለኝ ገጀራ ይዞ ወጣ። መሐል ገባሁ። ከማን እንደሆነ አላውቅም፣ ዱላ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ወደቅሁ። ያኔ ነው የቆሙት፤ አሮጊት መሬት ላይ ስትሆን ወንድ ሁሉ ያፍራል። ሁሴን በሀዲይኛ አያቴ ተነሺ ብሎ ራሱ ደገፈኝ። የወንድሙ ዓይን በልጄ እጅ ጠፍቶ፣ እሱ አነሣኝ።

ሽማግሌዎች ደርሰው ለያዩ። ነገ ከሰፈሩ ዋርካ ሥር ለሽምግልና ይቀመጣሉ። ደሳለኝ በከድር ኬሚካል ነው የተበላሸው ብሎ ሊምል ቃል ሰጠ። ከማለ ነገሩ ያበቃል። ከድር ዓይኑን አጥቶ የሶሌታውንም ኪሣራ ይከፍላል። ሁለተኛ ማንም ሥራ አይሰጠውም።

አስቴር እኔ አልናገርም አለች። ሦስት ልጆች አሉኝ አለች። አልፈረድኩባትም።

ጥቅምት 18፣ ጠዋት

አልተኛሁም። ልጄ ነው። ኩፍኝ የያዘው ዕለት ሌሊቱን ሙሉ አቅፌው ነግቷል። በሐሰት ምሎ ከሚኖር ግን አምኖ ቢዋረድ፣ ቢታሰርም ይሻለዋል። እሱ ከመማሉ በፊት እነሣና እናገራለሁ። ፎቁ ይፍረስ። ግቢውም ለካሣ ይሸጥ፤ በስሜ ነው፣ እፈርማለሁ።

ነጠላዬን ለብሻለሁ። ደሳለኝ በሩን ከውጭ ቆልፎብኛል። አሁን ሲጠራኝ ይሰማኛል፤ እማ፣ ዛሬ ከቤት አትወጪም ይላል። ገጀራው አልጋዬ ሥር ነው፤ ትናንት ሽማግሌዎቹ ሲለያዩ ከእጁ ተቀብዬ የደበቅሁት እኔ ነኝ። በሩ ቆርቆሮ ነው። ማጠፊያውን በገጀራው ልሰብረው ነው