ረጅሙን አብራው

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ያ እንግዳ የማይጠፋበት ሳሎንሽ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኛም ደህና ነን ብዬ ልቀጥል ስል እጄ እምቢ አለኝ።

ባለፈው ስትደውዪ “የአባባን አዲስ ፎቶ ላክልኝ፤ እንደ ወትሮው ለስለስ ያለ ይሁን” ብለሽኝ ነበር። ይኸው ልኬልሻለሁ፤ ለስላሳ ግን አይደለም። እንግዳሽ ቢያየው ሻዩ ትን ይለዋል።

የመጀመሪያውን ታስታውሺያለሽ? ፍላሹን ፊት ለፊት ለቀቅሁባቸውና ጉንጫቸው ጎድጉዶ፣ ግንባራቸው አብረቅርቆ ቢወጣ “አባቴን ሬሳ አስመሰልክብኝ” ብለሽ ጮኽሽብኝ። ከነጭ የወተት ፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጬ ፍላሹ ላይ በላስቲክ አሰርኩ፤ “ቢጫ ሆኑ” አልሽ። በሶፍት ጠቀለልኩት፤ እማማ “ካሜራህን ጥርሱን ያመመው አስመሰልከው” ብላ ሳቀችብኝ፤ አንቺ አሁንም አልወደድሽውም። በመጨረሻ የአባባን አሮጌ ነጭ ሸሚዝ እጅጌ ቀድጄ አጥፌ አሰርኩበት። ብርሃኑ ለስለስ ብሎ ሲያርፍባቸው የፊታቸው መሸብሸብም፣ የዓይናቸው ቅላትም አብሮ ጠፋ። “ወጣት ሆነዋል፤ ዓይናቸውም ጥሩ ነው” አልሽ።

ሐኪሙ ያኔ ያለውን ነግሬሻለሁ። የዓይናቸው ግፊት ጨምሯል፣ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላቸው የቀረውም ይጠፋል፣ የጠፋ ደግሞ አይመለስም ብሎ ነበር። አንቺ ግን “እኔ ሳልመጣ የአባቴን ዓይን ማንም እንዳይነካ” ብለሽ አዘዝሽ። እሳቸውም ከአንቺ ቃል ንቅንቅ አይሉምና “ትልቋ ትምጣ” ብለው ቁጭ አሉ። ትልቋ ደግሞ ፎቶውን እያየች “ደህና ናቸው እኮ” ትላለች።

መቼም ታውቂያቸዋለሽ፤ የጭነት መኪናውን ቢተዉም ሹፌርነቱ አልለቀቃቸውም። ፍላሹ ቦግ ሲል “መጣ! ረጅም መብራት!” እያሉ በእጃቸው ይከልሉ ነበር። ሸሚዙን ካሰርኩ ወዲህ ግን መከለሉን ተዉ። “አጭሩን ነው የምታበራው” ይሉኛል፤ እኛም ሁላችን በጨርቁ አሳበብን።

ሐሙስ ዕለት ደስ ይበላቸው ብዬ ጨርቁን ፈታሁት። ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ኮሌታቸውን አቀኑ። በባዶው ፍላሽ ከቅርብ አነሳኋቸው። ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። ደግሜ አነሳሁ።

“ምን ትጠብቃለህ ልጄ፣ ረጅሙን አብራው እንጂ!” አሉኝ።

እማማ አፏን በእጇ ይዛ ወጣች። በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ወሰድኳቸው፤ “ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለም” አለ።

የላክሁልሽ ፎቶ የሐሙስ ዕለቱ ነው። ሳሎንሽ ውስጥ ስቀዪው። የሚጠይቅሽ ካለም ዓይናቸው ጥሩ ነው በዪው። ስለ መምጣቱ እንግዲህ አትቸኩዪ፤ ብትመጪም አንቺ ታዪያቸዋለሽ እንጂ እሳቸው አያዩሽም። ይህን የጻፍኩት እንዲያምሽ ብዬ ነው፤ አልደብቅሽም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። እማማ ሰላም ብላሻለች፤ ሌላ የምትለው የላትም። ከታናሽ ወንድማችን ሰላምታውን ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። አባባም ስመውሻል፤ አንዲት ቃል አልወቀሱሽም። ስትመጪ ከደጅ ጀምረሽ ድምፅሽን እንድታሰሚ አደራ ብለውኛል፤ ሌላ ሰው መስለሻቸው ዝም እንዳይሉሽ።

ወንድምሽ
ከአባባ ክፍል፣ ሰኔ ፲፬ ቀን