ለበሩ የወጣ ስም

ሰኞ
በሩ ተንኳኳ። እንደ እብድ ሮጥኩ። ወተት የምታመጣልን ሴትዮ ናት። ታላቅ ወንድሜን ገመቹን ጊንጪ ላይ ከሚኒባስ ካወረዱት ስምንት ወሩ። ማን እንዳወረደው የሚያውቅ የለም፤ ስልኩ ዝግ ነው። እማዬ በየሳምንቱ ጎረቤት ሰብስባ ታስጸልያለች። እኔም አሜን እላለሁ፤ ተስፋ ከቆረጥኩ ግን ቆየሁ።

ማክሰኞ
ለጸሎቱ አንድ ወንጌላዊ ከወሊሶ መጣ። ስሜን ሲሰማ ደስ አለው። «ሮዴ እኮ ግሪክኛ ነው፤ ጽጌረዳ ማለት ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ የገረድ ስም ነው እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸማቀቅበት ኖሬያለሁ! ታሪኩን አነበበልን። ጴጥሮስ ታስሮ ሰዎቹ ሲጸልዩለት፣ ከእስር ወጥቶ መጥቶ ሲያንኳኳ በር ላይ ድምፁን የለየችው ገረዷ ሮዴ ናት። ከደስታ ብዛት ሳትከፍትለት ሮጣ ነገረቻቸው። «አብደሻል» አሏት።

ረቡዕ
አበባ መሆኑን ታውቅ እንደሆነ እማዬን ጠየቅኳት። «የአበባውን የት አውቄ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! ለበሩ ብዬ ነው እንጂ።» እኔ ስወለድ አባቴ ዘምቶ ወሬው ጠፍቶ ነበር። ሲመጣ ድምፁን ቀድማ የምትሰማ ልጅ ትሁነኝ ብላ አወጣችልኝ።
አባቴ አልመጣም።

ሐሙስ
ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ቶለራ አየኝና መንገድ ቀየረ። የተማሪዎቼን ፈተና ላርም ነው ብል እንኳ አቁሞ ግማሽ ሰዓት የሚያወራኝ ሰው! እኛ ጋ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። እስኪነገር ድረስ የሰማው ሁሉ ይሸሽሃል።
ለእማዬ ትንፍሽ አላልኩም። እራት አልበላሁም።

ዓርብ
ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጓዳ ገብቼ ነው የምጽፈው።
ገና ጎህ ሲቀድ ተንኳኳ። ቀስ ተደርጎ። በበሩ ስር አጮልቄ አየሁ፤ ብዙ ጫማ፣ አንድ ከዘራ። የኦቦ ቶለራን ሳል ለየሁት። ያቺኛዋ ሮዴ ከደስታ ብዛት አልከፈተችም። እኔም አልከፈትኩም።
እማዬ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። ፊቷ በርቷል።
«ድምፁን ሰማሽው? እሱ ነው አይደል?»
መቀርቀሪያውን በእጄ ሸፈንኩት።
«ምነው ደርቀሽ ቀረሽ? ክፈቺ እንጂ!»
በሩን ተደግፌ ቆምኩ። በክንዷ ገፋ አደረገችኝ። መቀርቀሪያውን የሳበችው እሷ ናት፤ እየሳቀች።