ስለ ተጣበቁት ሃያ ገጾች፦ ለመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች

ለተከበራችሁ ሦስቱ የጉባኤያችን ሽማግሌዎች፤

ጤናችሁ የጸና፣ ጥቁር ኮታችሁ የተቦረሸ፣ በስብከት መካከል የምትመጧት የናና ከረሜላም የማታልቅ እንድትሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኔልትዬ ኮሌ ነኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በሴቶቹ ወንበር ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ባርኔጣዋ ተጣመመ እየተባለች የምትገሠጸዋ ልጅ ማለት ነው። መውጫ ከማጣቴ በቀር ደኅና ነኝ።

አንደኛ፣ እኛ ሴቶቹ እንዳንሳሳት የቤተ መጻሕፍታችንን ልቦለዶች ቀድማችሁ እያነበባችሁ የማይበጁንን ገጾች በሙጫ ስለምታጣብቁልን አመሰግናለሁ። የተዋስኩት መጽሐፍ አባቷ ሲታመም የመርከቡን መሪ ስለ ጨበጠች ልጅ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሃያ ገጾች አንድ ላይ ስለ ተጣበቁ ታሪኩ የሚያልቀው ልጅቷ ድንች ልትልጥ ወደ ማድ ቤት ስትወርድ ነው። በትምህርት ቤት የቃል ፈተና ላይም ይህንኑ በሙሉ ልብ ተናገርኩ። መምህርቴ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «የኔ ልጅ፣ ድንቹን ልጣ ስትጨርስ እኮ መርከቡን በማዕበል ውስጥ ነድታ ወደብ አስገባችው። አንቺ የቱን ነው ያነበብሽው?» አሉኝ። ከአሥር አራት አገኘሁ።

ገጾቹን ያላቀቅኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ባታጣብቋቸው ኖሮ አንድ ጊዜ አንብቤ እመልሰው ነበር፤ ስላጣበቃችኋቸው ግን ሦስት ጊዜ አነበብኳቸውና ለመርከብ መሪነት ትምህርት ቤት አመለከትኩ። ተቀብለውኛል። ለዚህም ባለውለታዎቼ ናችሁ።

ሁለተኛ፣ የመግቢያው ቅጽ የወላጅ ፊርማ እስከ ዓርብ ይፈልጋል። አባቴ «ሽማግሌዎቹ ይሁን ካሉ እፈርማለሁ» አለኝ። ሽማግሌ ማሪኑስ ለዓመታዊው የቤት ጉብኝት ሲመጡ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ የቤቱ ራስ አባትሽ ነው፤ እኛ በሰው ቤት ጣልቃ አንገባም» አሉኝ፤ ይህን ያሉት በእኛ ቤት፣ በአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሦስተኛውን የኬክ ቁራሽ እየቆረሱ ነው። አባቴ እሳቸውን አየ፣ እሳቸው አባቴን አዩ። እናቴ ሻይ ቀዳች፤ እሷን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቅጹን ይዤ ከአባቴ ወደ እናንተ፣ ከእናንተ ወደ አባቴ እመላለሳለሁ። እናንተ ግን ከወዲሁ ለልብስ ስፌት ትምህርት አስመዝግባችሁኛል፤ ለዚያኛው ፊርማ አላስፈለገም።

ሦስተኛ፣ ቅሬታ የለኝም። ዛሬ ረቡዕ ነው።

በቀሚሷ ርዝመት ነቀፋ የማይገኝባት፣ የመንገዷ ጠባቂዎች በመሆናችሁ የትም መሄድ ያልቻለች ታዛዥ ልጃችሁ፣
ኔልትዬ ኮሌ

ማስታወሻ፦ ገጾቹ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እንደሚላቀቁ ያሳዩኝ ያንኑ ሙጫ ከዱቄት የሚያበጁላችሁ ሴት፣ የአንዳችሁ ባለቤት ናቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ መጨረሻውን ያላነበቡት መጽሐፍ የለም። «እኔስ አንብቤ መልሼ አጣበቅሁት፤ አንቺ ግን ሂጂ» ብለውኛል። የማንኛችሁ ባለቤት እንደሆኑ አልናገርም። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ግን ሦስታችሁም ማንቆርቆሪያውን ዳሰስ አድርጉት።