ቦንጎአችንን በመጋዝ እኩል ላካፈለን ኮሚቴ

ለተከበረው የጋራ ንብረት ግምትና ክፍፍል ኮሚቴ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ለሁለት ስለተቆረጠ አንድ ቦንጎ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሰብሳቢ፣ ክቡራን አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሞ የድሬ ሙቀት የማይደፍረው ጤና፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ የማይጠፋ ማራገቢያና ዕድሜ ልኩን የማይደርቅ የማኅተም ቀለም እንዲሰጣችሁ ከልቤ እመኛለሁ። እኔም በውሳኔያችሁ ካልተነካው በኩል ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አትቁጠሩብኝ፤ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ገብተው መውጫው ጠፍቷቸው ስለቀሩ ነው። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ብትሉኝም አልቀየምም። መጋዙ ሥራውን ጨርሷል፤ የምጽፈውም የሚመለስ ነገር እንደሌለ ዐውቄ ነው።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ ፍቅረ ማርያም እባላለሁ፤ የከዚራ ሰፈር ሰው ነኝ፤ በአባቴ የምድር ባቡር ደመወዝ አድጌ በራሴ የምድር ባቡር ጡረታ እኖራለሁ። ከወዳጄ ከአብዱላሂ ጋር ከጎረምሳነታችን ጀምሮ በየሠርጉ ቤት ቦንጎ ስንመታ ኖረናል። ቦንጎ ማለት፣ ለኮሚቴው ደጋግሜ ያስረዳሁትን ለአንባቢ አንዴ ላስረዳና፣ ጎን ለጎን የተጣመሩ ሁለት ትንንሽ ከበሮዎች ናቸው። ትንሹን ወንድ፣ ትልቁን ሴት እንላቸዋለን። በጉልበት መካከል ተይዘው በጣት ይመታሉ፤ ወንዱ ይጠይቃል፣ ሴቷ ትመልሳለች። ለየብቻ ሲሆኑ ስም የላቸውም።

የእኔና የአብዱላሂ ቦንጎ ሁልጊዜም አንድ ብቻ ነበር፤ አንድም በቂያችን ነበር። ረመዳን ሲገባ የእነሱ ሠርግ ስለሚቆም ቦንጎው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ እኔ ቤት ይመጣል፤ ሁዳዴ ሲያዝ ደግሞ የእኛ ሠርግ ስለሚቆም ተመልሶ እሱ ቤት ይሄዳል። እንደ ሰሞኑ ዓመታት ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ ቦንጎውም አብሮን ይጾማል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም፤ ጠያቂ እስኪሾምልን ድረስ ማለቴ ነው።

የመጨረሻውን ቦንጎአችንን የገዛነው በኢንተርኔት ጨረታ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫታችንን ይዘን ስንቀመጥ በስልክ የሩቅ አገር ቦንጎ ማየት ሱስ ሆኖብን ነበር። የመጀመሪያው ጨረታ “በሦስት ሰዓት ይዘጋል” ቢለን በእኛው ሰዓት ቆጥረን ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰብስበን ከፈትነው፤ ለካ የፈረንጅ ሦስት ኖሮ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ሁለተኛው “ብርቅዬ፣ በእጅ የተሠራ” የተባለለት ሲደርሰን ሆዱ ውስጥ የማሽን ጥርስ አሻራ ተሰልፎበት አገኘነውና መልሰን ሸጥነው። ከዚያ ወዲህ ነው ዋጋ መገመት የተማርነው፤ ብርቅዬ የማይል ሻጭ እንደሌለ፣ የውጪውን ቫርኒሽ ትቶ የውስጡን የመሮ አሻራ ማየት እንደሚገባ፣ ከፎቶው ይልቅም ድምፁን መስማት እንደሚሻል። የሦስተኛውን ሻጭ አብዱላሂ በአስተርጓሚ ለምኖ በስልክ አስመታው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ካዳመጠ በኋላ “አቦ፣ ይሄስ ሰው አለበት” አለኝ። ጅቡቲ ያለችው የእህቱ ልጅ ፋርሂያ በካርዷ ከፈለችልንና ዕቃው በባቡር መጣ።

ያ ቦንጎ ስሙን አስተካክለን መጥራት ያቃተን አንድ የካሪቢያን ሽማግሌ ከአንድ ግንድ የፈለፈለው ነበር። ሁለቱ ከበሮዎችም፣ በመካከላቸው ያለችው መገናኛም አንድ እንጨት ናቸው፤ ሚስማር የለ፣ ብሎን የለ፣ ኮላ የለ። ሌላው ቦንጎ ሁሉ በብሎን ይጋጠማል። ይህን ብርቅ ያደረገችው ያቺ አንድ ጭብጥ የማትሞላ መገናኛ ነበረች።

አብዱላሂ ባለፈው ዓመት ወደ አኼራ ተሸኘ። ሕመሙ ሲጠናበት ለልጁ ለዱኒያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የገባላትን ቃል አወረሰኝ፤ በሠርጓ ቀን በዚሁ ቦንጎ ሊመታላት ነበርና እኔ እንድመታላት። ይህ ውርስ በኮሚቴው ዝርዝር ላይ አልሰፈረም።

በዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ሌላው ነው። የአብዱላሂ ባለቤት ወይዘሮ ሃሊሞ የቀበሌ ቤታቸውን ውል ወደ ስማቸው ለማዞር የሟችን ንብረት እንዲያስመዘግቡ ሲጠየቁ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ ካሉ በኋላ “ቦንጎ፣ ከፍቅሬ ጋር እኩል” ብለው አስመዘገቡ። ምነው ባይጠቅሱት ብላቸው “ወላሂ፣ ልጆቼ በሚያድሩበት ቤት ላይ ውሸት አላስጽፍም” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቦንጎው ሳይከፈል ፋይሉ አይዘጋም፣ ፋይሉ ሳይዘጋ ቤቱ አይዞርም ሆነ። ድርሻችንን ትተናል ሲሉ ትንሹ ልጃቸው ሙስአብ ገና ሕፃን ስለሆነ የሕፃን ድርሻ አይተውም ተባሉ። እኔ የራሴን ድርሻ ለሕፃኑ ልስጥ ብል ደግሞ ስጦታ ሌላ ፋይል ነው፣ ሌላው ፋይል የሚከፈተውም ይኸኛው ሲዘጋ ነው ተባልኩ። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩. በቅድሚያ ለመጀመሪያው ግምት አመሰግናለሁ። አናጢው አባላችሁ እንጨቱን በሜትር ለክተው፣ ቆዳ ነጋዴው አባላችሁ ቆዳውን አሽተው አሽትተው፣ ንብረቱን “እግር የሌላቸው፣ ቆዳ የለበሱ ሁለት በርጩማዎች፣ ያገለገሉ” ብላችሁ መዘገባችሁት። የተቆረጠለት ዋጋ ያቺ ቆዳዋ የተወጠረበት ፍየል ነፍሷ ሳለ ቢዮ አዋሌ ገበያ ከምታወጣው ያንሳል። ፍየሏ ከሞተች በኋላ ስንት ሠርግ እንደዘፈነች የሚሞላበት ቦታ በቅጹ ላይ ስላልነበረ አልፈርድባችሁም።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስላዳመጣችሁኝ ነው። ያን ቀን አፌን ብዘጋ ኖሮ የሙስአብን ድርሻ በግማሽ ፍየል ዋጋ ከፍዬ፣ ቦንጎውን ታቅፌ ቤቴ እገባ ነበር። አልዘጋሁም። በርጩማ ሲባል ደሜ ፈላ፤ የተናቀው እንጨቱ ሳይሆን ዓይኑን ጨፍኖ ያዳመጠው ወዳጄ መሰለኝ። ይግባኝ አልኩ። የውስጡን የመሮ አሻራ በባትሪ አሳየኋችሁ፣ የተጫረትንባቸውን ፎቶዎች ደረደርኩላችሁ፣ ያቺን መገናኛ በጣቴ እየነካሁ እንዲህ ያለ በዓለም ላይ ስንት ይገኛል ብዬ ፎከርኩ። ባፍ ይጠፉ፣ በለፈለፉ። በዕድሜዬ ብዙ ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ፤ የተናገርኩትን አንድም ሳያስቀር ያመነኝ የእናንተ ኮሚቴ ብቻ ነው፤ ያመነኝም በዚያች ቀን ብቻ ነው።

፫. ክቡር ጸሐፊያችሁ እምነታቸውን በማስረጃ ለመደገፍ እዚያው ስልካቸውን አውጥተው ጨረታ ገጽ ላይ አንድ ተመሳሳይ ቦንጎ አገኙ። አንድ ሰው የጠየቀበት እንጂ ማንም ያልከፈለበት ዋጋ መሆኑን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ እኔም ያለቀ ነጠላ ጫማዬን በሚሊዮን ልጠይቅበት እችላለሁ፣ የሚገዛኝ ሲገኝ ነው ዋጋ የሚባለው አልኩ። ሆኖም ያ የስልክ ምስል ታትሞ ማኅተም ስላረፈበት ዋጋ ሆነ። በአንድ ጀንበር በርጩማው ከባጃጅ በላይ አወጣ። እኔ ግማሹን የምገዛበት አቅም አልነበረኝም፤ ባጃጅ እንኳ ቢሆን ሰው ጭኖ ዕዳውን ይከፍላል። ለሽያጭ ማስታወቂያ ስትለጥፉለት አንድ ሰው መጥቶ አየ፤ ዋጋውን አነበበና ስቆ ሄደ። ለሳቁም አመሰግናለሁ፤ ከኮሚቴው ጋር በተያያዘ ያየሁት ብቸኛ ደስታ ነው።

፬. ገዢ የለም፣ ሻጭ የለም፣ የሚተው የለም፤ ስለዚህ “በዓይነት ይከፈል” የሚለውን ውሳኔያችሁን በቃለ ጉባኤ ተቀበልኩ። በወይዘሮ ሃሊሞ በረንዳ ላይ አናጢው አባላችሁ መጋዛቸውን ይዘው ተንበረከኩ። እዚህ ላይ ክቡራን ሆይ ትንሽ ይጠፋብኛል። ያንን ሁሉ ዋጋ የሰጣችሁት ለመገናኛዋ ነበር፤ የቆረጣችሁትም እሷኑ ነው። አናጢው እንዳይንሸራተት ያዝልኝ ሲሉኝ ያዝኩላቸው። ለምን እንደያዝኩ እስካሁን አላውቅም፤ የቤቱ ውል ጠረጴዛችሁ ላይ ነበርና ነው መሰለኝ። ሁለቱን ከበሮዎች በሁለት እጄ ጨምቄ መጋዙ ሲመላለስ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ድምፅም ነበራቸው። ወይዘሮ ሃሊሞ ብናኙን ጠረጉት። አቆራረጡ ግን ቀጥ ያለና ሙያ ያለበት መሆኑን ሳልመሰክር አላልፍም።

፭. ትልቁ ከትንሹ ስለሚበልጥ ትልቁን ከታች ቆርጦ እኩል ለማድረግ ሐሳብ ቀርቦ በድምፅ ብልጫ መውደቁን ሰምቻለሁ። ለተቃወሙት አባላት ምስጋና፣ ላቀረቡት አባል ጤና።

በዕጣ ትልቁ ለእነ ሃሊሞ፣ ትንሹ ለእኔ ደረሰ። የቤቱ ውል በዚያው ሳምንት በወይዘሮ ሃሊሞ ስም ዞረ። ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም፤ ሰው ከቦንጎ ቤት ይሻለዋል። የሚቆጨኝ ሁለቱም እንዲኖሩን የሚከለክል ሕግ አንብባችሁልኝ ስለማታውቁ ነው።

ከዚያ የዱኒያ ሠርግ ደረሰ። ቃል ቃል ነውና ትንሹን ይዤ ሄድኩ። በወንዶቹ ዳስ ተቀምጬ መምታት ጀመርኩ፤ ወንዱ ይጠይቃል፣ የሚመልስለት የለም። በሴቷ ቦታ ጉልበቴን በመዳፌ መታሁ፤ ጉልበት ግን ጉልበት ነው። ሰው እርጅና ተጫነው እያለ ፊቱን አዞረልኝ፤ ወጣቱ ኪቦርድ ተጫዋችም በእኔ አፍሮ ድምፁን ከፍ አደረገ። አለቅስ እንደሆን ብዬ አቀረቀርኩ።

ያኔ ከመጋረጃው ማዶ፣ ከሴቶቹ ወገን አንድ ምት መለሰችልኝ። ትልቋ ነበረች። በዕድሜያቸው ከበሮ ነክተው የማያውቁት ወይዘሮ ሃሊሞ ድርሻቸውን በሻሽ ጠቅልለው አምጥተው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ይመቱ ኖሯል። ምቱ ዘገየ። የሚቀጥለውም ዘገየ፤ የሚቀጥለውም። እኔም መጠበቅ ጀመርኩ። አንዴ እጠይቃለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ይመልሳሉ። ዘፈኑ ተጎተተ፣ የጨፋሪው እግር ተምታታ፣ ሙሽራው ግራ ገባው፤ ዱኒያ ብቻ ገብቷት ቆማ ታለቅስ ነበር አሉኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ዘፈኑን አበላሹት አለን። እኔም ዘፈኑ እስኪያልቅ ጠበቅኳቸው።

ኮሚቴው ዋጋ ገማች ነውና የዚያችን ቀን ምት እንዲገምትልኝ ልለምን አስቤ ነበር። በኋላ ተውኩት፤ ከገመታችሁት ታካፍሉናላችሁ ብዬ ፈራሁ።

ረመዳን ሲመጣ የእነሱ ግማሽ ዝም ይላል፤ ሁዳዴ ሲመጣ የእኔ። በቀረው ጊዜም ያው ነው።

ለውሳኔያችሁ እኩልነት፣ ለመጋዛችሁ ስለት፣ ለማኅተማችሁም ክብደት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ከእንግዲህ የጋራ ነገር ሳላፈራ ዘመኔን ለመጨረስ ቃል የምገባላችሁ፣

የግማሽ ቦንጎ ሙሉ ባለቤት
ፍቅረ ማርያም
ከከዚራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አናጢው አባላችሁ የዚያን ዕለት መጋዛቸውን በረንዳው ላይ ረስተው ሄደዋል። በወይዘሮ ሃሊሞ ግቢ የተገኘ፣ በእኔ እጅ የተነሳ በመሆኑ የጋራ ንብረት ሆኖ አግኝተነው፣ በራሳችሁ መመሪያ መሠረት በዓይነት ተካፍለነዋል፤ እጀታው ለወይዘሮ ሃሊሞ፣ ጥርሱ ለእኔ ደርሶናል። መልሳችሁ ለመግዛት ከፈለጋችሁ ዋጋውን ከስልክ ላይ አይተናል፤ ብርቅዬ ነው።