የመስከረም ዕጢ ከየት እንደመጣ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ዓለሜ ለፈንታው፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? የጋምቤላ ሙቀት ለመድህ? ባለቤትህ ቤተልሔምስ፣ ትንሹ አማኑኤልስ ደህና ናቸው? እኛ ከጦርነቱ ነፍሳችን ተርፋለች፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ስልኩ ገና ስላልተከፈተ ይህን ወረቀት ለመኪና ሾፌር ሰጥቼልሃለሁ።

ነገሩ የእህታችን የመስከረም ነው። ሐምሌ ላይ ሆዷ አብጦ ወልድያ ቀዶ ጥገና እንደተደረገላት ታውቃለህ። ሐኪሙ በሁለቱም የእንቁላል ማምረቻዎቿ ላይ ዕጢ አግኝቶ አወጣቸው። «እዚያው የበቀለ ይሁን ከሌላ ቦታ የመጣ፣ አዲስ አበባ በላክነው ናሙና ይለያል» አለን። ጨጓራዋንም በመሣሪያ ሊያይላት ቀጥሯት ነበር። ከዚያ ከተማው ተያዘ፣ መንገዱም ተዘጋ።

እሷም ግራና ከተማ ባሏ ቤት ገብታ ማስታወክ ጀመረች። ሁለት ጉርሻ ከበላች ሆዷ ይወጠራል። ባሏ ሀብቴ «በሽታሽ ተቆርጦ ወጥቷል፤ አሁን የያዘሽ ስንፍና ነው» እያለ እንጨት ያሸክማት ነበር። አማቷም «ማህፀኗ የተረገመ ነው» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። ኅዳር ላይ ከባድ መሣሪያው እያጓራ እናትና ልጅ ሆነው በእግሯ አባረሯት። እሷ እኛ ዘንድ ከመጣች ብዙም ሳይቆይ ሀብቴ ሌላ አገባ።

መንገዱ ሲከፈት ሐኪሙም ተመለሰ፤ ይዣት ሄድኩ። «የናሙናው ውጤት መጥቷል፤ ካንሰሩ የእንቁላል ማምረቻ አይደለም» አለን። «ከጨጓራዋ ተነስቶ ነው እዚያ የደረሰው። ሁለቱንም ጎን መያዙ ያኔም አጠራጥሮኝ ነበር።» መድኃኒት አለው ወይ ስለው ጉበቷን ዳሰሰና «እዚህም ደርሷል» አለኝ።

እሷ ግን «ማህፀኔ አልነበረም ማለት ነው?» አለችው። «አልነበረም» ሲላት ፊቷ በራ፣ ወንድሜ። ሄደሽ ለሀብቴ ንገሪልኝ ብላ አስማለችኝ።

ሄጄ አዲሷ ሚስቱ እየሰማች ነገርኩት። «ከየትም ይምጣ፣ ለእኔ ያው ነው። መቃብሯን እናንተው ቆፍሩ» አለኝ።

ስመለስ በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። «ምን አለ?» አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ። ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ከዚያ ወዲህ ከውሃ በቀር የቀመሰችው የለም።

አባታችን ሙላቱ «በቶሎ ይድረስ» ብለውሃል። እናታችን ብዙነሽ ደግሞ መስከረም ትድናለች ብለው ስለት ተስለዋል፤ እኔም እውነቱን አልነገርኳቸውም፤ ስትመጣ አንተም ዝም በል። ቤተልሔምን በጣም ሰላም በልልኝ፣ አማኑኤልን ሳምልኝ። መስከረም ሰላምታ የምትልክበት ድምፅ የላትም፤ ስምህን ስጠራላት ግን ዓይኗን ትገልጣለች። ለቀብሯ ብለህ አትምጣ፤ አሁን ና።

እህትህ ሸጊቱ
መርሳ፣ ሀብሩ
ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.