የሻጩ ፈረስና የወፍጮው ፑሊ

ይድረስ በምሥራቅ ጀርመን ለሚገኘው ለወንድም ዓለሜ ለውቤ አድማሴ፤

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሃል? ከትምህርቱ ጋር፣ አጥንት ሰርስሮ ከሚገባው ብርድ ጋር፣ ከባዕድ አገር እህል ጋር እንዴት ነህ? ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ካፖርትህን ሳትቆልፍ ትወጣለህ? እኛ አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። አባታችን ደኅና ናቸው፤ እናታችንም በርትታለች፤ ማናየሽ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ከሁላችን በላይ ታወራለች። ይህን የምጽፍልህ ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከቤታችን ከአዲስ ቅዳም ነው። ለምን እንደመጣሁ ስነግርህ መጀመሪያ ትቆጣለህ። ግድ የለም፣ ተቆጣና ጨርሰህ አንብበው።

መሥሪያ ቤታችን የማሽን ንድፍ በኮምፒዩተር የምንሥልበት ፕሮግራም ሊገዛ ነው ብዬህ ነበር። አንተም እዚያ የምትማርበትን፣ ብረቱን በኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ እንደ ገንቦ የሚያሽከረክረውን አመሰገንህልኝ፤ ፎቶውንም ላክህልኝ። ደብዳቤህን ለክፍላችን ኃላፊ ለጓድ ምህረቴ አሳየሁት፤ ወዲያው ልቡ ተሰረቀ። ወንድም ዓለም፣ ቁርጡን ልንገርህ፦ እኔ ያንተን አልመረጥሁም። ሌላውን፣ መስመር ብቻ የሚያሰምረውን መረጥሁ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንዲሉ፣ እኔ በፊርማዬ ደገፍሁት።

ጥፋቱ የአባታችን ነው። ዳንግላ ገበያ ፈረስ ሲገዙ ትዝ ይልሃል? ሻጩ ላዩ ላይ ወጥቶ ሽር ሲል ዞር ብለውም አያዩት። «ባለቤቱ ሲጋልበው የማያምር ፈረስ የለም» ይሉና ያስወርዱታል። ከዚያ ከዘመዱ ሁሉ ፈረስ ላይ መቀመጥ የማያውቀውን የአጎታችንን ልጅ የኋላሸትን ያወጡበታል። አገው ሆኖ ፈረስ የሚፈራ እሱን ብቻ ነው ያየሁ! ጭቃ ውስጥ ያስገቡታል፤ ከኋላው ጅራፍ ያስጮኻሉ። የኋላሸትን ያልጣለ ፈረስ ይገዛል፤ የጣለው ለባለቤቱ ይመለሳል።

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ሻጩ መጥቶ ያንተን ፕሮግራም ሲያሽከረክረው ኮሚቴው አጨበጨበ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽህ። ከዚያ «አሁን እርስዎ ይነሡልኝ» አልሁና ጋሽ ወርቅአየሁን አስቀመጥሁ። ዕድሜያቸውን በእርሳስና በማስመሪያ የጨረሱ፣ ኮምፒዩተሩን እንደ እባብ የሚፈሩ ነዳፊያችን ናቸው። የሰጠኋቸውም የሻጩን የጌጥ ብረት ሳይሆን የመንደራችንን ወፍጮ ፑሊ ነው፤ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የሚዞርበትን፣ ሰኔ ላይ ተሰንጥቆ አባታችን በጆንያ የላኩልኝን። በየተራ በሁለቱም ፕሮግራም አሣልኋቸው። ሁለቱም ላይ ግማሽ ሲደርሱ ሶኬቱን ነቀልሁት። ጉድ በል ጎጃም! ጓድ ምህረቴ ከወንበሩ ዘለለ። «መብራት እንዴት እንደሚጫወትብን ያውቁ የለ?» አልሁት።

መብራቱን ስመልስ ያንተኛው የሠሩትን ሁሉ ውጦ ባዶ መስተዋት ሰጠን። መልከ ጥፉው ግን በየመሀሉ ራሱ ያስቀምጥ ኖሮ ከጥቂት መስመር በቀር ሁሉንም መለሰልን፤ ጋሽ ወርቅአየሁም ከቆሙበት ቀጠሉ። ያንተኛው ደግሞ የሌለንን ትልቅ ኮምፒዩተር ይፈልጋል። በእኛዋ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ብረቱ አንዴ እስኪዞር ሻያችን ይቀዘቅዝ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ። እዚያ ላንተ ይበጅሃል፤ እዚህ ግን አይሆነንም።

ጓድ ምህረቴ ተናደደ። «ወንድምሽ ራሱ የመሰከረለትን ከጣልሽ ብቻሽን ፈርሚ። በዚህ ንድፍ የተሠራው ብረት ካልገጠመ ግን አሻጥር ነው የምንለው» አለኝ። ይህች ቃል ምን እንደምታስከትል ታውቃለህ። ፈረምሁ።

አዲሱ ፑሊ በንድፋችን ከቀለጠ ብረት ተሠራ፣ ቶርኖ ቤት ገብቶ ተስተካከለ፤ ራሴ ይዤው መጣሁ። ትናንት መንደሩ ሁሉ ወፍጮ ቤቱን ከብቦ እያየ የወፍጮው ዘንግ ላይ ሳስገባው ግማሽ ሄዶ ቀጥ አለ። ወይ አምላኬ! ወፍጮውን የሚጠብቀው አስማረ መዶሻ አነሣ። «በመዶሻ ብትነካው አልምርህም» አልሁት። ንድፉን ዘርግቼ ፑሊውን ለካሁት፤ ልክ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ዘንጉ ዝገትና የደረቀ ዱቄት ለብሷል። በላምባና በብርጭቆ ወረቀት ሙልጭ አድርጌ ጠረግሁት፤ ፑሊው ሰተት ብሎ ገባ። ሞተሩ ተነሣ፣ ቺንጋው ዞረ፣ ዱቄቱ ወረደ። እልልታውን ብትሰማው! አባታችንም «የኋላሸትን አልጣለውም!» ብለው ሳቁ። ዛሬ ጠዋት ቆሰበር ከተማ ሄጄ ለጓድ ምህረቴ «ገጥሟል» የሚል ቴሌግራም ልኬለታለሁ። ሌላ ቃል አልጨመርሁም።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን የእናታችን ነገር ነው። ወፍጮው ከቆመ ወዲህ በእጅ ወፍጮ ስትፈጭ ከርማ የእጇ አንጓ አብጧል፤ እኔ ስመጣ በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ትናንት ያንን እጇን ዱቄቱ ከሚወርድበት ሥር ዘርግታ፣ ትኩሱን ዱቄት እንደያዘች ቆማ ቀረች። ኑ ሲሏትም አልሰማችም።

ወንድም ዓለም፣ ምክርህን ስለተውሁ አትቀየመኝ። በበራችን ሳንቃ ላይ በከሰል ክብ መሣል ያስተማርኸኝ አንተ ነህ፤ አባታችን ሲቆጡም «እኔ ነኝ» ብለህ ብቻህን ተገርፈህልኛል። ከሰሉ ዛሬም አለቀቀም። ፑሊውን ከማስገባቴ በፊት ሄጄ አይቼው ነበር።

አባታችን «በርታ፣ በባዕድ አገር አንገትህን አትድፋ» ብለውሃል። ማናየሽ ሰላም ብላሃለች፤ የላክህላትን እስክሪብቶም ጨርሳዋለች። የኋላሸት እስካሁን በእግሩ እየሄደ ሰላም ይልሃል። አብሮህ ለሚማረው ለጓደኛህ ለአትክልት እጅ ንሺልኝ ማለትን ማናየሽ አልረሳችም፣ ለምን እንደሆነ እንጃላት። እናታችን ከወፍጮ ቤት አሁን ገባች። «ምን ብዬ ልጻፍለት?» ብላት በዱቄት እጇ ወረቀቱን ተጭና «ይኸው» አለች። ከታች ያለው ነጩ ነገር የእሷ ነው፤ አታራግፈው።

እህትህ እታለማሁ አድማሴ
አዲስ ቅዳም፣ አገው ምድር አውራጃ
ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፹፩ ዓ.ም.