ወደ ሩንደ የሚወስደው መንገድ

ፌብሩዋሪ 11፣ ረቡዕ

በረዶ ጠረግሁ። ድንች ቀቀልኩ። ከሰዓት በኋላ ጉንቮር መጣች፤ ካርታውን ገበታው ላይ ዘረጋነው። ለፋሲካ ሳምንት በመኪና ልንወጣ ነው። እየነዳን፣ ደስ ባለን ቦታ እየቆምን፣ በእግር እየሄድን። ባለቤቴ ራግና ካረፈች ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ከሌላ ሴት ጋር ጉዞ ማሰብ... ነውር ይሆን? ጌታን ጠየቅሁ። ዝም አለኝ። ዝምታውን እንደ እሺታ ልውሰደው?

ጉንቮር በጸሎት ቤቱ መዘምራን ከኔ ፊት ያለው ረድፍ ላይ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳች፤ ባል አላገባችም። ጣቷን በባሕሩ ጠረፍ ሽቅብ ወሰደችና አንዲት ደሴት ላይ አሳረፈች። ሩንደ።

«በዚህ ወቅት የባሕር ወፎቹ ወደ ገደሉ ይመለሳሉ አሉ። ገደሉ ነጭ እስኪሆን። እሱን ነው ማየት የምፈልገው።»

«እናያለን» አልኳት።

«እናያለን ማለት አዎ ነው ወይስ አይሆንም?»

«እናያለን ማለት እናያለን ነው።»

ሳቀች። «ያንኑ መንገድ ሄጄ፣ ያንኑ መንገድ ዞሬ ስመለስ ነው የኖርኩት፣ ኦስሙንድ። እስቲ አንዴ እንኳ የማላውቀው ይሁን።»

ፌብሩዋሪ 15፣ እሑድ

ከጸሎት በኋላ ከጫካው በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣን። ለጉዞው እግራችንን ማፍታታት አለብን። አዲስ ቦት ጫማ ገዝታለች፤ ተረከዟን ይበላታል። ጎረቤቴ ቢርገር አጥሩ ላይ ተደግፎ ጠበቀን።

«ጉንቮር! የምታለማምጂው ጫማውን ነው ወይስ ሰውዬውን?»

«ጫማው ቶሎ ይለሰልሳል» አለችው ሳትቆም።

ቢርገር እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ላይ ስንደርስ ምሳ አወጣሁ። ዳቦ ላይ ጉበት ቀብቼ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የቆየ ኪያር ጣል አድርጌ። እጄ የለመደው እሱን ነው። አመሰገነች፤ በላች። ራግና አንዴ ተንሸራትታ የወደቀችበትን ድንጋይ አሳየኋት፣ ውሃ የምትጠጣበትንም ምንጭ። ጉንቮር ሰው ሲያወራ አታቋርጥም። ራግና ታቋርጠኝ ነበር። ሰሚ ማግኘት ጸጋ ነው።

ፌብሩዋሪ 24፣ ማክሰኞ

ተራራው አምባ ላይ ወዳለው፣ ከራግና ጋር እናርፍበት ወደነበረው የእንግዳ ማረፊያ ደወልኩ። ባለቤቲቱ በድምፄ አወቀችኝ።

«የድሮውን ክፍል ነው?»

«የድሮውን» አልኩ ሳላስብ። ከዚያ «ሁለት ክፍል» አልኩ። «እሺ፣ ሁለት» አለች።

እንዲህ አሰብኩ፦ መጀመሪያ አራት ሌሊት ተራራው ላይ። ከዚያ በሸለቆው ወርደን፣ ቀን ከተረፈ ወደ ጠረፉ። ተራራው በስተምሥራቅ ነው፣ ሩንደ ደግሞ ወዲያ ማዶ... በመንገድ ላይ ነው ማለት አይቻልም። ትንሽ ያዞራል። ብዙ ያዞራል። ግን የማውቀው መንገድ ነው። በዚህ ወቅት ደግሞ በረዶው ለሰው አያዝንም፤ መንገድ ማወቅ ጥሩ ነው።

ለጉንቮር ነገርኳት። «መጀመሪያ ተራራው?» አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። በኛ ዘንድ ያልተቃወመ ተስማምቷል። አባቴም እንዲህ ነበር፣ የጸሎት ቤቱ ስብሰባም እንዲህ ነው። የሚቃወም አለ? ይባላል፤ ሁሉም ጫማውን ያያል፤ ነገሩ አለቀ።

ማርች 4፣ ረቡዕ

ሽማግሌው ትሪግቬ ከጸሎት በኋላ ኮት መስቀያው ጋ ያዘኝ።

«ወንድም ኦስሙንድ፣ ሁለት ክፍል ነው የያዝከው አይደል?»

«ሁለት ነው።»

«እኔማ አውቃለሁ። ሰዎች ናቸው የሚጠይቁት።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

ኮቱን ሲቆልፍ ቆየ። «እ... ባለቤቴ።»

ስስቅ ወጣሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። የሰው አፍ ይህን ያህል ካስጨነቀኝ፣ የጉንቮርስ ልብ? እሷ ምን ትላለች? አልጠየቅኋትም። መጠየቅ መጫን ይመስለኛል። ሰው የፈለገውን ራሱ ይናገር... አይደለም?

ማርች 13፣ ዓርብ

የበረዶ መንሸራተቻዎቹን ሰም ቀባሁ። የራግናንም። ለጉንቮር ይሆናታል ብዬ። የሁለቱ ቁመት ግን አንድ አይደለም።

ማርች 22፣ እሑድ

ጉንቮርን ወደ ቤቷ ሳደርስ በመቃብሩ በኩል አለፍኩ። ዘወትር እሑድ እንደማደርገው። እዚያ ፋኖስ መለኮስ አለብኝ። በረዶው የራግናን ድንጋይ ሸፍኖት ነበር፤ በጓንቴ ጠረግሁት። ጉንቮር መኪናው ውስጥ ትቆያለች ብዬ ነበር፤ ወርዳ ኋላዬ ቆማለች።

«ከስሟ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ለምንድነው?»

«ለኔ ነው።»

«እ» አለች።

እስከ ቤቷ ድረስ የመኪናው ማሞቂያ ብቻ ነው የጮኸው። ስትወርድ «ቦቱ ለሰለሰ» አለችኝ። ደግ ብያታለሁ። ሌላ ምን ማለት ነበረብኝ? ልትነግረኝ የፈለገችው ነገር እንደነበር ይሰማኛል። ጌታ ሆይ፣ ለምንድነው ሁሌ ዘግይቶ የሚገባኝ?

ማርች 29፣ ሆሳዕና

ትናንት የሆነውን ዛሬ እጽፋለሁ። 

ጠዋት ተነሣን። አየሩ መልካም ነበር። አምባው አፋፍ ስንደርስ ነፋሱ በረዶውን አንሥቶ ሰማይና ምድሩን አንድ አድርጎታል። መንገዱ በብረት ተዘግቷል። እንደ ወጉ ተሰለፍን፤ በረዶ ጠራጊው መኪና ከወዲያ የመጡትን አሻግሮ ሲመለስ፣ እኛን ከኋላው አስከትሎ ያሻግረናል። ከፊታችን መኪኖች፣ ከኋላችን መኪኖች። ቡና ከፔርሙዙ ቀዳሁላት።

«ያኔ ከራግና ጋር እዚሁ ቆመን» ብዬ ጀመርኩ፣ «እሷ እንቅልፍ ወስዷት...»

ጉንቮር ኩባያውን አስቀመጠች።

«ኦስሙንድ። ሩንደ መቼ ነው?»

«ቀን ከተረፈ፣ ሐሙስ ወይ ዓርብ...»

«ቀን ከተረፈ።»

«አልተቃወምሽም እኮ።»

«አልጠየቅከኝም እኮ።»

ነፋሱ መኪናውን ወዘወዘው። ቁጣ አልነበረባትም። ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር።

«ትጠይቀኛለህ ብዬ ክረምቱን ሙሉ ጠበቅሁ። ጉበት እንደማልወድ ታውቃለህ?»

«ስትበዪ ነበር!»

«ለሷ ቀብተኸው፣ እኔ ምን ልበል? የጠራኸኝ እኔን መስሎኝ ነበር። ያረፍንበት ድንጋይ የሷ፣ የምንተኛበት ቤት የሷ። እናንተ ፊት ሆናችሁ እኔ ኋላ ወንበር የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ። እኔ ደግሞ ሹፌር ነኝ። ኋላ መቀመጥ አልችልበትም።»

ልትስቅ ሞከረች። 

ከወዲያ የመጡት መኪኖች ብቅ አሉ። አንድ ቤተሰብ ከመዝጊያው አጠገብ ቆሞ በረዶ ከመስተዋቱ ያራግፍ ነበር። ወርዳ አነጋገረቻቸው። እህቷ ከታች ከተማው ውስጥ ናት፤ እዚያ ድረስ ሊያወርዷት ተስማሙ። ሻንጣዋን ተሸከምኩላት። «እኔ ላድርስሽ» አላልኩም። ለምን? መኪናውን ማዞር ይቻል ነበር። ከተራራ መመለስ ነውር አይደለም ተብለን ነው ያደግነው፤ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ክፍሉ ተይዟል ብዬ ነው? ኩራት ነው? እሷ ስትናገር እንኳ በልቤ የራግናን መልስ እየሰማሁ ነበር...

ክንዴን ጨበጥ አድርጋ ሰዎቹ መኪና ውስጥ ገባች።

ቢጫ ካፖርት የለበሰች የመንገድ ሠራተኛ በየመኪናው መስኮት እየዞረች ትጠይቃለች። ነዳጅ አለ? አካፋ አለ? ብርድ ልብስ?

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት።»

ጎንበስ ብላ አየች። ወንበሩን፣ እኔን።

«አንድ» አልኩ።

ጻፈችና አለፈች። የጠራጊውን ቀይ መብራት እየተከተልኩ ስነዳ ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነበር። ሁለት ያልኩት የትኛዋን ቆጥሬ ነው?

ማርች 31፣ ማክሰኞ

የድሮው ክፍል። ባለቤቲቱ ሁለተኛውን ክፍል ምንም ሳትጠይቅ ለሌላ ሰው ሰጠችው። ፀሐይ ወጥቷል፣ በረዶው ጠንክሯል፣ ሰው ሁሉ በመንሸራተቻ ወጥቷል። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ዋልኩ። ራግናን አስታውሳለሁ ብዬ መጣሁ። የማስበው ግን ጉንቮር ያ ቦት ጫማ ተረከዟን እየበላት፣ እያነከሰች ሽቅብ ስትወጣ ነው። አንዴም አሳርፈኝ አላለችም። እኔም እንረፍ ወይ አላልኳት።

ነገ እወርዳለሁ።

ኤፕሪል 3፣ ስቅለት

ሩንደ ነኝ። በማላውቀው መንገድ መጣሁ፤ ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ አንዲት ጀልባ አመለጠችኝ። በትንሹ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ንባቡን ሰማሁ። ከዚያ ወደ ገደሉ ወደሚያወጣው መንገድ። ነፋስ፣ እርጥብ ሣር፣ ጥላው ሥር የቀረ በረዶ። ወፎቹ አይታዩም፤ ከጉብታው ወዲያ ናቸው። ድምፃቸው ግን... የሺህ ሰው ገበያ።

አልወጣሁም። ጫማዬን አስሬ፣ ምርኩዜን ይዤ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆምኩ። ስልኩን አውጥቼ ለጉንቮር ደወልኩ። አታነሣም ብዬ ነበር።

«የት ነህ?»

«ሩንደ።»



«አየሃቸው?» 

«አላየሁም። ከታች ነኝ። ይሰማሉ።»

«ለምን አልወጣህም? ጉልበትህ ነው?»

«ወፎቹ ያንቺ ናቸው። ካንቺ በፊት አይቼ ምን ልሆን?»



«በሜይ ከእህቴ ጋር እሄዳለሁ» አለች። «ቆርጠናል።»

«ደግ አደረጋችሁ።»  ከዚያ ጠየቅኋት። «ምሳ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ?»

«ምን?»

«ምን ትወጃለሽ? ዳቦው ላይ።»

 ሳቀች፣ ወይም አለቀሰች፤ በነፋሱ ውስጥ መለየት አልቻልኩም። የተጨሰ ዓሣ፣ አለችኝ። ከተቀቀለ እንቁላል ጋር። እናቷ አውቶቡሱ ውስጥ ታስቀምጥላት እንደነበር፣ ሕፃናቱ ሽታውን ሲሰሙ አፍንጫቸውን ይዘው እንደሚጮኹ፣ አንዷ ልጅ ግን ሁልጊዜ ቁራጭ እንደምትለምናት... ብዙ አወራችኝ። ሰማኋት። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው ሽቅብ ቁልቁል የወሰድኳት።

«አብረን...» አልኩ።

«አይሆንም፣ ኦስሙንድ።» በለሆሳስ ነው ያለችው። «ዝግ ብለህ ንዳ። መልካም ፋሲካ።»

መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ለመንገዱ መጸለይ ነበረብኝ፤ ቃል አጣሁ። ስልኩን አሁንም በእጄ እንደያዝኩ ነበር። በዚያ ሁሉ ንግግር የራግና ስም አንዴም አልተነሣም። ያስተዋልኩት ከተዘጋ በኋላ ነው።